የክራንቻው ልክ

በአንድ ወቅት፣ ሰውና አውሬ ከአንድ ምንጭ በሚጠጡበት የቆላ አፋፍ ላይ አንድ ቆዳ ፋቂ ይኖር ነበር። ሰዉ በደጁ ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል፤ ሲመሽ ግን እሱ በፋቀው ቁርበት ላይ ይተኛል። ፋቂው የሞተ አውሬ በመጣለት ቁጥር መዳፉን፣ የክራንቻዎቹን ርቀት፣ ቁመቱን ሳይለካ አይለቅም። በመጨረሻ በአንድ የበሬ ቆዳ ላይ ሰንጠረዥ አሰመረ። በጎን አንበሳ፣ ጅብና ነብር፤ በራስጌ መዳፍ፣ ክራንቻና ቁመት። በየሣጥኑ ያሰፈረው ግን ደምሮና አካፍሎ ያገኘውን አማካይ ብቻ ነበር። ሲሞት ለሦስት ልጆቹ ያወረሰው ይህን ሰንጠረዥና አንድ ጎተራ ሙሉ የአውሬ ራስ ቅልና ከነመዳፉ የተፋቀ ቁርበት ነው።

አንድ ማለዳ እናታቸው ወይዘሮ የሻረግ ውሃ ሊቀዱ እንደወረዱ አውሬ አንገታቸውን ይዞ ገደላቸው። በቀብሩ ላይ የሟቿ ወንድም አባ ድንበሩ ተነሡ።

«የገዳዩን ቆዳ በእህቴ መቃብር ላይ ያነጠፈ የዚህ ቤት ራስ ይሁን። ሌሎቹ ይታዘዙለት!»

ሦስቱም እጃቸውን በትኩሱ አፈር ላይ አድርገው ማሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እነዚህማ እህል እንኳ አልወርድ አላቸው።

ታላቁ አድማሱ ዝናብ ሳይቀድመው በጭቃው ላይ የቀረውን ዱካ በሰንበሌጥ ለካ። ሰንበሌጡን ከሰንጠረዡ ጋር ሲያስተያይ ከጅብ አማካይ ጋር ልክ ሆነ። ሌላውን ሣጥን ዘወር ብሎ አላየም። የጅቦቹን ዋሻ በጭስ አፍኖ ከነግልገሎቻቸው ፈጃቸው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም በቦታው ብኖር አንጀቴ ቅቤ በጠጣ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን በዚያው ምንጭ የጎረቤት ፍየል አንገቷን ተይዛ ሞታ ተገኘች። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ አድማሱ ደግሞ ጅቡን ነከሰው።

እህቱ ዙሪያሽ የእናቷን ሬሳ ስታጥብ በአንገታቸው ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በክር ለክታ፣ ክሩን በልኩ ቋጥራ በጉያዋ ይዛ ነበር።

«አማካይ የሚባል አውሬ ምንጭ አይወርድም፤ የሚወርደው አንዱ ነው» አለች።

ጎተራ ገብታ የራስ ቅሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ለካች፤ ቁርበቶቹንም ዘርግታ መዳፋቸውን አየች። በሰንጠረዡ ላይ «ትንሹ» እና «ትልቁ» የሚሉ ዓምዶች ጨመረች። የክሯ ልክ ከትንሹ ጅብ እንኳ የጠበበ፣ በትንሹና በትልቁ ነብር መካከል የሚያርፍ ሆነ። የአድማሱም ሰንበሌጥ ከትልቁ ነብር መዳፍ ጋር ገጠመ። ሰው ሲዝት «ነብር አየኝ በል» ይላል፤ እሷ ግን ወደ ጫካው ዞራ «አንተ ነብር፣ ዙሪያሽ አየችኝ በል!» ብላ ጮኸች።

ትንሹ ጓንጉል ሰንጠረዥ አይገባውም። «እኔ ቁጥር አልወጋም» ይል ነበር። ነብር መሆኑን ሲሰማ ግን ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ ዛፍ ዛፉን ያይ ጀመር። የእናቱን ነጠላ ተከናንቦ፣ እንስራቸውን አዝሎ፣ ከምንጩ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ጎንበስ ብሎ ውሃ ቀጂ መሰለ። ነብሩ ከቅርንጫፍ ዘለለበት። ጓንጉል ግራ እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ፣ «የየሻረግ ልጅ!» እያለ በቀኙ ጩቤውን ልቡ ላይ ተከለበት። ያ ግራ እጅ ከዚያ ወዲያ ጉርሻ እንኳ አላነሣም።

የነብሩ ሬሳ ደጅ ሲደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። ዙሪያሽ ግን ክሯን ከጉያዋ አውጥታ በነብሩ ክራንቻዎች ላይ ዘረጋች። ቋጠሮው ከክራንቻው ጫፍ አለፈ፤ የገብስ ቅንጣት ያህል። እልልታው ቆመ።

«የገዳዩ ወገን ነብር ነው» አለች። «ይኸኛው ራሱ መሆኑን ግን እንጃ።»

ጓንጉል ደም ባጠቆረው ጨርቅ የተጠቀለለ እጁን አሳያት። «የእናታችን ሥጋ እንጨት ነው እንዴ? ሥጋ ይሳባል! እጄን መልሽልኝና አይደለም በይኝ!»

አድማሱም ጣልቃ ገባ። «ታላቅ እኔ ነኝ። ዱካውን ባልለካ ዝናብ አጥቦት፣ ክርሽ ብቻውን ይቀር ነበር።»

«የገዳዩን ስም ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ባልናገር አንዳችሁ ጅብ፣ አንዳችሁ ንፋስ ስታሳድዱ ትኖሩ ነበር።»

አባ ድንበሩ ቆዳውን አስገፍፈው፣ አጥፈው ደጃፉ ላይ አኖሩትና ፍርድ ፍለጋ ወደ መንደርተኛው ዞሩ። ቆዳው ከተነጠፈ አደኑ ያበቃል፤ ገዳዩም ሌላ ከሆነ በሕይወት ምንጩን ይጠብቃል። ካልተነጠፈ ደግሞ የጓንጉል እጅ በከንቱ ቀረ፤ የእናትየውም መቃብር ራቁቱን ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ክሩ ይኸው፣ ቆዳውም ይኸው። ከሦስቱ ማን ያንጥፈው? ወይስ ጨርሶ አይነጠፍ?