ለሃያኛው ዛፍ ስንት ቆርኪ?

ጆሮ ያለው ይስማኝ፣ ጣት ያለው ይቁጠርልኝ። ተረቴ ስትነሣ ትንሽ ናት፤ በሄደች ቁጥር ግን ታድጋለች።

መምህርት ዓይናዲስ ለአምስተኛ ክፍል ሂሳብ ታስተምራለች። አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ የቆርኪ ዛፎች ሣለች። የመጀመሪያው ዛፍ ግንዱ ሁለት ቆርኪ፣ ቅጠሉ ሦስት፤ ሲደመር አምስት። የሁለተኛው ግንድ ያው ሁለት፣ ቅጠሉ ስድስት፤ ሲደመር ስምንት። ሦስተኛው አሥራ አንድ ሆነ፣ አራተኛው አሥራ አራት። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠችና፣ "ሃያኛው ዛፍ ስንት ቆርኪ ይፈጃል? ሁሉንም መሣል ግን አይቻልም" አለች።

ከመሃል ረድፍ ፋናዬ ተነሣች። ይህች ልጅ ሹሩባ ስትሠራ ጣቷ አይሳሳትም፤ ቁጥር ሲመጣ ግን ፊቷ ይጠቁራል።

"ቲቸር፣ እጄ ያልነካውን ነገር መያዝ አልችልም። ቆርኪ ያምጡልኝና ልደርድረው። ዛሬም ካቃተኝ ሂሳብ በቃኝ፤ ከነገ ጀምሮ ትቼዋለሁ።"

ዓይናዲስ ልቧ ተነካ። ፋናዬ ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት። "ቆዪኝ፣ ቆርኪ ምን ትልቅ ነገር ነው" ብላ ወጣች።

በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ጦቢያ ናት፤ ቆርኪ በጆንያ ታጠራቅማለች። "ስጪኝ" አለቻት ዓይናዲስ።

"በለስላሳ የተለወሰ፣ ጉንዳን የወረረው ቆርኪ ለልጅ እጅ አልሰጥም። የእኔ ውኃ ለሻይ ብቻ ነው፤ ውኃ አምጪና ልጠበው።"

ውኃ ከሌለ ጦቢያ ቆርኪ አትሰጥም፤ ቆርኪ ከሌለ ፋናዬ ሂሳብ ትተዋለች።

ዓይናዲስ ወደ ዘበኛው ወደ ጋሽ ማንደፍሮ ሄደች። "ጋሽዬ፣ ቧንቧውን ይክፈቱልኝ።"

"ልጄ፣ ቧንቧው በሰንሰለት ታስሯል፤ የሰንሰለቱ ቁልፍ ንብረት ክፍል ነው። በጥርሴ ልክፈተው?"

ቁልፍ ከሌለ ጋሽ ማንደፍሮ ቧንቧ አይከፍቱም፤ ውኃ ከሌለ ጦቢያ ቆርኪ አትሰጥም፤ ቆርኪ ከሌለ ፋናዬ ሂሳብ ትተዋለች።

ንብረት ክፍል አቶ ሽብሩ አሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ወረቀት ይወዳሉ እንጂ። "ርዕሰ መምህሩ ሳይፈርሙ ከዚህ ክፍል መርፌ አይወጣም" አሉ።

ፊርማ ከሌለ አቶ ሽብሩ ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ከሌለ ጋሽ ማንደፍሮ ቧንቧ አይከፍቱም፤ ውኃ ከሌለ ጦቢያ ቆርኪ አትሰጥም፤ ቆርኪ ከሌለ ፋናዬ ሂሳብ ትተዋለች።

ዓይናዲስ ወረቀት ጽፋ ርዕሰ መምህሩ አቶ ልሳነወርቅ ዘንድ ገባች። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። "'ጥቂት ቆርኪ ለማጠብ' ይላል። ጥቂት ማለት ስንት ነው? እኔ ቁጥር በሌለው ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም።"

ብዕሯን አነሣች። ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ ብትጽፈው ሁሉም በአንዴ ይከፈታል። ፋናዬ ግን የሰው መልስ ተሸክማ ትቀራለች። ብዕሩን መልሳ ኪሷ ከተተችው። "ቁጥሩ ያለው ተማሪዎቼ ዘንድ ነው" ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ልጆቹም እየተቀበሉ አብረዋት አሉት። ቁጥር ከሌለ አቶ ልሳነወርቅ አይፈርሙም፤ ፊርማ ከሌለ አቶ ሽብሩ ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ከሌለ ጋሽ ማንደፍሮ ቧንቧ አይከፍቱም፤ ውኃ ከሌለ ጦቢያ ቆርኪ አትሰጥም፤ ቆርኪ ከሌለ ፋናዬ ሂሳብ ትተዋለች።

የክፍሉ ፈጣን ዳምጤ እጁን ሰቀለ። "ሰባ ይጻፉ፣ ቲቸር። አራተኛው ዛፍ አሥራ አራት ነው። ሃያ የአራት አምስት እጥፍ ነው። አሥራ አራት በአምስት ሲባዛ ሰባ።"

ክፍሉ አጨበጨበ። ዓይናዲስ ግን አልጻፈችውም።

"ግንዱስ?" አለች ፋናዬ።

"የምን ግንድ?"

"አሥራ አራቱ ውስጥ እኮ ግንድ አለበት። አምስት ጊዜ ስታባዛው ግንዱንም አምስት አደረግከው። አንተ የተከልከው አምስት ዛፍ ነው፤ የተጠየቅነው ስለ አንድ ዛፍ ነው።" ትንሽ አሰበችና ቀጠለች። "አሁን ስንለው የነበረውን አስቡት። ጋሽ ማንደፍሮ ተጨመሩ፣ አቶ ሽብሩ ተጨመሩ፣ አቶ ልሳነወርቅ ተጨመሩ። እኔ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያው አንድ ፋናዬ ነኝ፤ ማንም አላባዛኝም። ግንዱ እኔ ነኝ። ቅጠሉ ሃያ ጊዜ ሦስት፣ ስልሳ። ግንዱ ሁለት። ስልሳ ሁለት።"

"መቶኛውስ ዛፍ?" አለች ዓይናዲስ።

"ሦስት መቶ ሁለት። የፈለጉትን ዛፍ ይጥሩልኝ፤ በሦስት አባዛለሁ፣ ሁለት እጨምራለሁ።"

ዓይናዲስ ደስ አላት፤ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ላልተጠራው ዛፍ "ሀ" የሚል ስም ሰጥታ ሰሌዳው ላይ 3 × ሀ + 2 ብላ ጻፈች። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ስልሳ ሁለት ብላ ጽፋ ሮጠች።

ቁጥሩ ተጻፈ፤ አቶ ልሳነወርቅ ፈረሙ። ፊርማው ታየ፤ አቶ ሽብሩ ቁልፍ ሰጡ። ቁልፉ ዞረ፤ ጋሽ ማንደፍሮ ቧንቧ ከፈቱ። ውኃው ወረደ፤ ጦቢያ ስልሳ ሁለት ቆርኪ አጥባ፣ ቆጥራ ሰጠች። ቆርኪው እየተንሿሿ ክፍል ገባና ፋናዬ ፊት ተቀመጠ።

ፋናዬ አንዱን አንሥታ በጣቷ አሻሸችው። ከዚያ ቆርኪውን በሙሉ ወደ ዳምጤ ገፋችው።

"እሱ ይደርድረው፣ ቲቸር። ግንዱን እስኪያገኘው እጠብቀዋለሁ፤ ነገም እዚሁ ነኝ።"