ለሾላው የተተከለ ድንኳን

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ በከተማችን ለሾላ ዛፍ ለቅሶ ተቀመጥን። ነገሩን ያመጣው አርቲስቱ ይልቃል ነው። አርቲስት ይባል እንጂ ሥዕል አይሥል፣ ሐውልት አይቀርጽ። መኪና ገጭቶ ላጎበጠው የመብራት ምሰሶ ወጌሻ ጠርቶ ያሳሸ፣ በቀርከሃም ያሳሰረ ሰው ነው። «ሥራዬ ይኼው ነው» ሲል ከተማው ስቆ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ «እብዱ» አለው።

በዚያ በጋ፣ ለመንገድ ሥራ ተብሎ ገበያው ዳር ያለው ሾላ እንዲቆረጥ ታዘዘ። መጋዙን የያዘው ደምሰው ነበር። ከነሥሩ ንቀል ቢሉት እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉቶ አስቀርቶ፣ «ከዚህ በታች እጄ እምቢ አለኝ» አለ። በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረ። መንገዱም ኋላ በሌላ በኩል ወጣ።

በማግስቱ ይልቃል እድራችን ዘንድ መጥቶ ጉቶው አጠገብ የሚተከል ድንኳን ለመነ። ጥሩምባ ነፊው «ሟች ማን ልበል?» ቢለው፣ «ሾላው» አለ። ሰው ሊስቅ መጣ። በሁለተኛው ቀን ግን የሚስቅ አልነበረም፤ አንዱ ከወንድሙ የታረቀው፣ ሌላዋ ምጥ የጀመራት እዚያ ጥላ ሥር እንደነበረ እያነሱ አለቀሱ። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን አሳፍሮኝ።

የለቀስተኛውን እጅ ታስታጥብ የነበረችው በላይነሽ ናት። እጣቢውን ቦይ ውስጥ ከምደፋው ብላ ጉቶው ላይ ታፈሰው ነበር። ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ ሁላችንም ወደየቤታችን ገባን፤ እሷ ግን በጋውን ሙሉ በጀሪካን ውሃ እየተሸከመች ተመላለሰች። «ሐዘንተኛን መጠየቅ ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ነው» ትላለች። ክረምት ሲገባ ጉቶው አቆጠቆጠ።

ወሬው ዋና ከተማ ደረሰ። አንድ ትልቅ የሥነ ጥበብ ማሳያ ቤት ጉቶውን ከነሥሩ ወስዶ በይልቃል ስም ሊያቆመው ጠየቀ። አንድ ቀንበጥ ብቻ ውሰዱ ቢባሉ፣ «ያለ ጉቶው ምኑን እናሳይ?» አሉ። የችግኝ ባለሙያው ተጠይቆ፣ «ሊጸድቅም ይችላል፣ ሊደርቅም» አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ «ባለቤቱ ከፈረመ ይሂድ» ብሎ ነገሩን ወደ እድሩ ገፋው።

ይልቃል ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ድንኳኑ ባይተከል ሁላችሁም ረግጣችሁት ታልፉ ነበር። ሃያ ዓመት እብድ ተባልኩ፤ አንዴ እንኳ ሰው ልባል። ይሂድ» አለ።

በላይነሽ፣ «ሰው ለመባል ብሎ የዳነውን ይገድላል? በበቀለበት ይቆይ። ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለች።

ደምሰው፣ «እኔ ባላስቀረው ምን ላይ ታለቅሱ፣ ምኑን ታጠጡ ነበር? እዚህ ከቀረ ሌላ መጋዝ ይመጣበታል፤ እዚያ ከሄደ ይደርቅ ይሆናል። አንዴ በሰው ትእዛዝ ቆረጥኩት፤ አሁን እኔው ልወስንለት» አለ።

የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝ፤ ድንኳኑንም የፈቀድኩት እኔው። የማሳያ ቤቱ መኪና ሰኞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የፊርማው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሦስቱም በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ብዕሩን ለማን ላቀብል?