ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው ሐኪም ቤት

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ዘመን፣ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ቤታቸው ከትልቅ ሆስፒታል ጋር አጥር ይጋራል። ዶሮዎቻቸው ሳይቀሩ በአጥሩ ሾልከው የሆስፒታሉን ግቢ ይጭሩ ነበር።

ፈንታሁን የሚባል የጤና መድን ሻጭ ወደ ቤታቸው መጣ። ሴትዮዋ ጠንቃቃ ናቸውና አገላብጠው ጠየቁት፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ የት እንደተቀበሩ፣ የት ደብር እንደሚያስቀድስ። በመጨረሻ በአገጫቸው ወደ አጥሩ እያመለከቱ፣

«ይኼኛውም ያክመኛል?» አሉት።

«እማማ፣ ምን ጥርጥር አለው!»

ገዙ። ውሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥን ገባ። ከሦስቱ ልጆቻቸው ፊደል የቆጠረው ታላቁ አስናቀ ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ አልገለጠውም። ይቺን ያዙልኝ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ግራ ዓይናቸውን ቀስፎ ያዛቸው። ልጆቻቸው ደግፈው ሆስፒታሉ አደረሷቸው። የመዝገብ ክፍሏ ልጅ ውሉን ገልብጣ አየችና፣ «ይኼ መድን እኛ ጋ አይሠራም። የሚያክሟችሁ ሐኪም ቤቶች ከጀርባው ተዘርዝረዋል፤ እኛ የለንበትም። ከኪሳችሁ ከከፈላችሁ ግን አሁኑኑ ይታያሉ» አለች።

ያላቸውን አንዲት ላም ሸጠው መክፈል ይችሉ ነበር። ግን ለፈንታሁን ተደወለ። «እንዴ! በነጻ የምትታከሙበት እያለ? ወንዙን ተሻገሩ፤ ማዶ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ክሊኒክ አለ፤ የዓይን ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል» አለ። ታናሹ ይታይህም፣ «ላሚቱ ትቆይ፣ እንሻገር» አለ። ይቺንም ያዙልኝ።

የማዶው ክሊኒክ የዓይን ሐኪም ግን በሽተኛ የሚያየው በየሐሙሱ ብቻ ነው። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ሐሙስ ደረሰ። ሐኪሙ አያቸውና፣ «በያዛቸው ዕለት ቢሆን አድናት ነበር» አለ። ዓይናቸው ጠፋች።

ወይዘሮ ደብሪቱ አላለቀሱም። የሟች ባላቸውን ካባ ከሳጥን አውጥተው ሚስማር ላይ ሰቀሉና፣ «ይኼን ሰው ተበቅሎ አንጀቴን ያራሰ ልጅ ይልበሰው» አሉ። እሰይ! እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምል።

አስናቀ የእድር ዳኛ ነበር። እድርተኛው በተሰበሰበበት ቆሞ ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበው። ዘግይቶም ቢሆን አነበበ። ፈንታሁንም የዚያው እድር አባል ነበርና ስሙ ተሰረዘ። ወር ሳይሞላ የፈንታሁን እናት ሞቱ። ድንኳን የሚተክል፣ ሬሳ የሚሸከም ጠፋ። ሰውየው እያለቀሰ ሲመጣ አስናቀ፣ «ዝርዝራችን ላይ የለህም» አለው። እናቱን በቀን ሠራተኛ አስቀበረ። ምስኪኗ አሮጊት ግን ለማንም መድን ሸጠው አያውቁም።

ሴቷ ልጅ ስንዱ ወጌሻ ነበረች፤ እጇ የነካው አጥንት ቦታውን አይስትም። የመጣ ሰው መልሳም አታውቅ። ፈንታሁን ከሞተር ሳይክል ወድቆ፣ ክንዱ ወልቆ፣ እየጮኸ ደጇ ደረሰ። እሷም እንደ እናቷ በአገጯ ወደ ወንዙ አመለከተችና፣ «ያንተ ወጌሻ ማዶ ነው፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል» አለችው። ተሻግሮ ሲደርስ ወጌሻው ለቅሶ ሄዷል። ክንዱ ተጣሞ ቀረ።

ይታይህ ደግሞ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ተወ። እናቱን እጃቸውን ይዞ እየመራ ፈንታሁን በሄደበት ገበያ ሁሉ ይከተለዋል። ሻጩ አፉን በከፈተ ቁጥር፣ «የትኛው ሐኪም ቤት?» ይለዋል። ሌላ ቃል የለም። ዓመት ሙሉ! ሰው ሁሉ ከየሳጥኑ ውሉን እያወጣ ያስነብብ ጀመር፤ ከፈንታሁን የሚገዛ አንድ ሰው ጠፋ። በንዴት ደህናውን ውል የቀደዱም አልታጡ። እናትየውም የጠፋች ዓይናቸውን ለገበያተኛ ሲያሳዩ ከረሙ።

በመጨረሻ ፈንታሁን በደህናው እጁ ደግፎ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ከደጃፋቸው ተንበረከከ።

«እማማ፣ በቃኝ። ይማሩኝ።»

«ከሦስቱ ልጆቼ ማን ነው ያንበረከከህ?» አሉት።

ቀና ብሎ ሦስቱንም አየ። «እሱን ብነግርዎ ድንጋዩን ያወርዱልኛል?»

«ተናገርና እናያለን።»

ፈንታሁን ድንጋዩን ትከሻው ላይ አመቻቸ። አስናቀ፣ «እናቱን ብቻውን ያስቀበርኩት እኔ ነኝ» አለ። ስንዱ፣ «ክንዱን እዩት» አለች። ይታይህ፣ «እንጀራውን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ካባውን ከሚስማሩ አውርደው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። በቀረችው ዓይናቸው ሰውየውን ትክ ብለው እያዩ፣ «ካባው ባለቤቱን ሳያገኝ ድንጋዩ አይወርድም» አሉ።

እኔ አልፈርድም፤ ከሦስቱም ጋር ጎረቤት ነኝ። እናንተ ፍረዱ። አትቸኩሉ፣ እሱ እንደሆነ እንደተንበረከከ ነው። ካባው የሚገባው ለማን ነው?