ንጉሡ የታቀፈው እንቁላል

ተረት ተረት!

«የመሠረት!»

ከኋላ ያላችሁት አልሰማኋችሁም።

«የመሠረት!»

እንዲያ ነው።

በድሮ ጊዜ አንድ ቁጡ ንጉሥ ነበር። በቀቀን ይወድ ነበር። በቀቀን እንደ ሰው የምታወራ ወፍ ናት።

ወፍ ጠባቂዋን አንጓችን ጠራና «የማትነክስ ጫጩት አውጪልኝ» አላት።

አንጓች ጨዋ ወንድ መረጠች። ጨዋ ሴት መረጠች። ዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ቆጥራ ዳረቻቸው። ጫጩት ወጣች። አንጓችን አልነከሰችም። በር ጠባቂውንም አልነከሰችም።

ንጉሡ «ነይ፣ አንቺ ቀርፋፋ!» ብሎ ጮኸባት። ጣቱን ነከሰችው።

አንጓች ከጨዋዎቹም የበለጡትን ጨዋዎች መርጣ ዳረች። ሁለተኛዋ ወጣች። ንጉሡ «ምን ታፈጫለሽ!» ብሎ ጮኸባት። ጆሮውን ነከሰችው።

«ዘር ከልጓም ይስባል!» አለ ጆሮውን ይዞ። «የክፉ ዘር ነው የምታመጪልኝ! ሦስተኛዋ ከነከሰችኝ አንገትሽ ይቀላል።»

አንጓች ወፎቹ ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። ከወፎቹ አንዷ፣ አንዲት አሮጊት በቀቀን፣ ያን ጊዜ እንቁላል ጣለች።

«አታልቅሺ፣ ልጄ» አለቻት። «ዘሩስ ደህና ነው። ግን እንቁላል ጆሮ አለው። ይሄን ራሱ ንጉሡ ይታቀፈው።»

አንጓች ወሰደችለት። «ጃንሆይ፣ የንጉሥ ወፍ ንጉሥ ካልታቀፋት አትለዝብም» አለችው። ንጉሡም እንቁላሉን ጉያው ውስጥ ከተተ።

በር ጠባቂው መጣ። «ጃንሆይ፣ በቅሎዎ ጠፋች።»

«አንተ ደን…»

«ሰምቻለሁ!» አለ እንቁላሉ ከጉያው።

ንጉሡ ክው አለ። «ደን… ደንበኛ ልጅ! ምንም አይደል» አለ።

ወጥ ሠሪዋ መጣች። «ጃንሆይ፣ ወጡ አረረ።»

«አንቺ ልበ…»

«ሰምቻለሁ!»

«ልበ… ልበ ቀና! ምንም አይደል። ያረረውም ይጣፍጣል።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ አንድ ቀን ሞላ። እንቁላሉ ተሰነጠቀ። ጫጩቷ ብቅ አለች። የንጉሡ ሰያፊ ሰይፉን መዘዘ። አንጓች አንገቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ጫጩቷ ርቧታል። የንጉሡን አፍንጫ አየች። ፍሬ መሰላት። ንክስ!

ሰያፊው ወደ አንጓች ተራመደ።

«ምንም አይደል፣ የእኔ ልጅ» አለ ንጉሡ። አፉ ለምዶ ኖሯል።

«ጃንሆይ፣ ነከሰችዎ እኮ!» አለ ሰያፊው።

«ማን? እሷ? ሳመችኝ እንጂ! ሰይፍህን መልስ፣ ልጄን ታስደነግጥብኛለህ።»

አንጓች ሮጣ አሮጊቷን በቀቀን አቀፈቻት። «ጫጩትሽ እኮ ነከሰች!» አለቻት።

«ትንከስ» አለች አሮጊቷ። «እኔ ያስፈለፈልኩት ንጉሡን ነው።»

ልጆች፣ ጨዋ ዘር ደግ ነው። ግን በክፉ አፍ የጠሩት ጨዋም ይናከሳል። ጠባይ እንዲያምር መጀመሪያ የራስን አፍ መግራት ነው።

ተረቴን ለወፍ ሰጠሁ፤ እናንተ አፌን በቆሎ አብሱልኝ።