ጃርትና ያለቀላቸው ባትሪዎች

አንድ ጊዜ በአንድ ደረቅ ሜዳ የሚኖሩ አራዊት ውሃ የሚቀዱት ከጥልቅ ጉድጓድ ነበር። ውሃውን የሚስበው ፓምፕ የሚሠራው የፀሐይን ኃይል በሚያጠራቅሙ የሊቲየም ባትሪዎች ነበር። ዓመታት አለፉና ባትሪዎቹ ደከሙ፤ ፓምፑም ቆመ። ወንዙ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ነበር።

አንበሳም «አልቆላቸዋል፤ ገደል ይጣሉ» ብሎ አዘዘ።

አህያ ባትሪዎቹን ተሸክማ ገደሉ አፋፍ ስትደርስ ጃርት አስቆመቻት።

«እህቴ፣ አትጣያቸው! ውስጣቸው ያለው ዱቄት ገና ይሠራል። መጀመሪያ በጨው ውሃ ዘፍዝፌ የቀረ ኃይላቸውን አስወጣለሁ። ከዚያ በእሾኬ ከፍቼ፣ ዱቄቱን አጥቤና በእሳት አብስዬ አዲስ ባትሪ እሠራበታለሁ።»

«እውነት ትችያለሽ?»

«ጊዜ ከሰጣችሁኝ።»

አህያ ጭነቷን ይዛ ወደ ጃርት ዋሻ ዞረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወንዝ ውሃ ታመላልስላት ጀመር። ጃርትም ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ አህያን ታጠጣት ነበር።

አንድ ቀን አህያ ወደ ወንዝ ልትወርድ ስትል ጅብ ቀበሮን ሲጠይቀው ሰማች።

«ይቺ ጃርት አህያ ባመጣችላት ሳጥን ውስጥ ምን ብታገኝ ነው ቀኑን ሙሉ የምትቦረቡረው?»

ቀበሮ አህያን ጠቀሳትና «አያ ጅቦ፣ አልሰማህም እንዴ? ቅልጥም ነዋ! የታሸገ ቅልጥም!» አለው።

አህያ «ውሸት ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ግን የጅብን ጥርስ ስታይ ፈራች፤ አንገቷን ደፍታ መንገዷን ቀጠለች።

ከአራት ቀን በኋላ ውሃ ይዛ ስትመለስ ዋሻው ይጨሳል። ጅብ ጃርት እስክትዘናጋ ሲያደባ ሰንብቶ፣ ገና ያልተዘፈዘፈውን ባትሪ ቅልጥም መስሎት ሲነክሰው ባትሪው እሳት ተፍቶ ነበር። ጅብ አፉ ተቃጥሎ እየጮኸ ሸሸ፤ እሳቱ ግን ከአንዱ ባትሪ ወደ ሌላው ተያያዘ። ጃርት አንድ አዲስ ባትሪ እየገፋች ወጣች።

«ተሠርቶ ያለቀው ይሄ ብቻ ነው። ሌላው ትንሽ ነው የቀረው፤ ላውጣው!»

«ተይ! እመት ጃርት፣ ተመለሺ!»

ጃርት ግን ወደ እሳቱ ሮጣ ገባች። አህያ ያመጣችውን ውሃ ሁሉ ብታፈስም እሳቱ አልጠፋም፤ ጃርትም እዚያው ቀረች።

በማግስቱ አራዊቱ አዲሱን ባትሪ ገጠሙት፤ ፓምፑም ውሃ አወጣ። አንድ ብቻ ስለሆነ ግን ቶሎ ደክሞ ቆመ፤ ግማሾቹ ሳይጠጡ ተመለሱ። ሌላ መሥራት የሚችል አልነበረም።

ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ «እኔ እኮ ቀልዴን ነበር» አለ።

«እኔም ቀልድ መሆኑን አውቅ ነበር» አለች አህያ፣ እንባዋ እየወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ውሸት መሆኑን እያወቁ በፍርሃት ዝም ማለት፣ ያለቀውን አድሶ ለሁሉ የሚተርፍን ባለሙያ እንደሚያሳጣ ነው።