የሰማያዊው ጋን እርሾ

እጇን ለመጨበጥ የምትጠየፏት ሴት የሠራችውን ልብስ ደርባችሁ ለበዓል ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? መልሱን ለራሳችሁ ያዙት፤ ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው ስሙ።

አንዲት ደብሪቱ የምትባል ፈትል አቅላሚ ነበረች። በንጉሡ ከተማ ዳርቻ ተቀምጣ ለልጃገረዶች የጥጥና የሱፍ ፈትል መለየትን፣ ከሥርና ከቅጠል ቀለም ማውጣትን ታስተምር ነበር። ከቀለሞቿ ሁሉ የሚወደደው ሰማያዊው ነው። መኳንንቱ ያለ እሷ ሰማያዊ ጥለት በዓል አይወጡም። ይህ ቀለም የሚገኘው ከአንድ ትልቅ ጋን ነው፤ ጋኑም እንደ ሊጥ እርሾ አለው። እርሾውን ደብሪቱ ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ ተቀብለውታል። ጋኑ ተሟጦ አይታጠብም፤ የገብስ ዱቄትና ትንሽ ማር እየተጨመረለት ይኖራል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ፈትሉ ከውስጡ ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲያገኘው ዓይን እያየው ሰማያዊ ይሆናል። የደብሪቱም እጆች እስከ ክንዷ ድረስ ሰማያዊ ነበሩ፤ ቢፈትጉት አይለቅም። በዚህ እጅ የተነካው ልብስ ይለበሳል፤ እጁን የሚጨብጥ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን የአንድ መኮንን ልጅ በትኩሳት ታመመ። «ቡዳ ናት፤ ያቺ ባለ ሰማያዊ እጇ በልታው ነው» ተባለ። ደብሪቱ ተይዛ ሸንጎ ቀረበች። ዳኛው ከተማሪዎቿ መካከል ይርገዱን አስጠራ። ይርገዱ ደብሪቱ እንደ ልጇ ያሳደገቻት፣ ጋኑንም በገዛ እጇ የምታበላ ተማሪ ነበረች።

«ጋኑ ውስጥ ምን ትጨምራለች?» አላት ዳኛው።

ደብሪቱ እፎይ አለች። ዱቄትና ማር ብትልላት ይበቃ ነበር። ይርገዱ ግን የራሷን ሰማያዊ እጆች ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ፣ «እኔ እንጃ ጌታዬ፤ ስታበላው አያለሁ፣ ምን እንደምታበላው ግን አላውቅም» አለች።

ጋኑን ሰበሩት። እርሾው መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ረግጠውት አለፉ። ደብሪቱን ከወንዙ ማዶ አባረሯት። ያተረፈችው ከገሉ ላይ በጣቷ ጠርጋ በቅል የያዘችውን ጭላጭ ብቻ ነው። የመኮንኑ ልጅ ትኩሳቱ ለቀቀውና ዳነ፤ መዳኑም ሌላ ማስረጃ ሆነባት።

ይርገዱ በመምህሯ ቦታ ተተካች። እርሾ እንደሌላት ለማንም አልተናገረችም፤ ቅጠሉን ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ ፈትሉን ትነክርበት ጀመር። ለዓይን ያው ሰማያዊ ነው። መኳንንቱ ግን የደብሪቱ አሮጌ ጥለት እስኪያልቅ ድረስ ያንኑ ዓመታት ለበሱት። በመጨረሻ ሲያልቅ፣ ለንጉሡ የንግሥና በዓል ሁሉም ከይርገዱ አዲስ አሠሩ።

በበዓሉ ቀን ፀሐዩ በረታ፤ ላብ ወረደ፤ ቀለሙም ለቀቀ። የንጉሡ አንገት ሰማያዊ ሆነ፤ የዳኛው ጢም፣ የመኳንንቱም መዳፍ እንዲሁ። ማንም አልሳቀም። አንድ አዝማሪ ብቻ ማሲንቆውን አስቀምጦ፣ «ጃንሆይ፣ ዛሬስ ከአገር የምናስወጣው ብዙ ነው፤ ከማን እንጀምር?» አለ።

ወዲያው ደብሪቱ ትፈለግ ተባለ።

የንጉሡ አጋፋሪ ይርገዱን አስከትሎ ወንዙን ተሻገረ። ደብሪቱን ፀጉሯ ነጥቶ፣ የባዕድ ልጆች ስታስተምር አገኟት። ከጎኗ አዲስ ጋን ይሸታል። ይርገዱ እንደ ወጉ አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ አጎነበሰች። የተበደለው ሰው ድንጋዩን አንሥቶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እንዲል ወጉ ያዛል። ደብሪቱ ግን ከድንጋዩ ሥር ተጣጥፎ የተነጠፈ ጋቢ አየች፤ አንገት እንዳይቆረቁር።

«ደስ ይበልሽ፤ ጃንሆይ ምረውሻል» አለ አጋፋሪው።

«ምን አጥፍቼ?»

አጋፋሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ያለፈው አልፏል እትዬ። እርሾውን ይዘሽ አገርሽ ግቢ።»

«የመጣችሁት ለእኔ ነው ወይስ ለእርሾው?»

«ያው አይደል?»

«ያው አይደለም። እሺ፣ ይህቺ ልጅ ገበያ መሐል ቆማ፣ ጋኑ ውስጥ የነበረው ዱቄትና ማር መሆኑን፣ ያንንም ያን ጊዜ ታውቅ እንደ ነበር ትናገር። ዳኛውም ቆሞ ይስማ።»

ይርገዱ ከድንጋዩ ሥር አጋፋሪውን አየችው። «ይኼማ ነገር መቆስቆስ ነው» አለ አጋፋሪው። «ዳኛው አርጅተዋል። አሁን ምን ያደርግልሻል?»

ደብሪቱ ተነሥታ በቅል እርሾ ቀዳችና ሰጠችው። «እንካ። ቀለሙ ማንንም አልበደለም። ዱቄትና ማር አብሉት፤ የሚያበላውን ሰው ግን እንዳታባርሩት።» አጋፋሪው ቅሉን ተቀብሎ፣ አፍንጫውን ይዞ በቅሎው ላይ ወጣ። ድንጋይ የተሸከመችውን ሴት ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት መንገዱን ቀጠለ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ደጋግ ሰዎች እዚህ ላይ ደብሪቱ አልቅሳ ድንጋዩን አነሣች ይላሉ። አላነሣችም። ሰውን በአደባባይ አዋርዶ በጓሮ በኩል ይቅርታ የሚለምን፣ ሸክሙን የሚያወርድለት ሌላ ሰው ፈልጎ ነው። እውነቱን ለመናገር ካልደፈረ የበደለውን ሰው ሁለተኛ እየበደለው ነው። እናንተስ የተበደለን ሰው «ኧረ ይቅር በል» ብላችሁ ስትገሥጹ፣ ከድንጋዩ ሥር ምን እንደ ተነጠፈ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«እኔስ እትዬ?» አለች ይርገዱ እንዳጎነበሰች። «አንገቴ ደከመ እኮ።»

«አውርጂው፤ ማን ያዘሽ?» አለች ደብሪቱ ፊቷን ወደ ጋኗ እየመለሰች። «አንቺንም፣ ዳኛውንም፣ ንጉሡንም፣ እርሾዬን የረገጠውን መንገደኛ ሁሉ፣ ማንንም ይቅር አልልም።»