የምትሃተኛው የወረቀት ወፍ

አንድ መርዕድ የሚባል ምትሃተኛ ነበረ። በአንዲት የገበያ ከተማ አዳራሽ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ትርኢት እያሳየ ሃያ ዓመት ኖሯል። ከሰው ጆሮ እንቁላል ያወጣል፤ የተቋጠረ መሐረብ ሳይነካ ይፈታል። ልቡ ያረፈበት ትርኢት ግን ገና አልተሳካለትም ነበር። የወረቀት ወፍ ከመዳፉ ተነሥታ፣ በአየር ላይ እየተንሳፈፈች ስትነድ ማሳየት ይፈልጋል።

ወፏ የምትንጠለጠለው ከጣሪያው በወረደ ጥቁር የሐር ክር ነበር። በመጀመሪያው እሑድ፣ ገና ሳይለኩሳት፣ አንድ ቀልደኛ የጨው ነጋዴ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ “ክሩ! ክሩ ታየ!” ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። መርዕድ የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚያደርጉትን አደረገ፤ ተመልካች ክሩን እንዳያይ ሌላ ዓይን የሚስብ ነገር ጨመረ። የወፏን ክንፎች ወርቅ ቀባ። ወፏ ከበደችና ክሩ ተበጠሰ። ክሩን በእጥፍ ገመደው። የተገመደው ክር ይበልጥ ሲታይበት የእንጨት ምንቃር፣ የመስተዋት ዓይን፣ በሙጫ የተደራረበ ጅራት ጨመረላት፤ ክሩንም በሦስት ገመደው። በሦስተኛው እሑድ ያ ነጋዴ “ጋሼ መርዕድ፣ ወፏን በጠፍር ነው እንዴ ያሰሯት?” ሲል ሕፃናት ሳይቀሩ ሳቁ።

የአዳራሹ ኃላፊ አስጠራው። “አቶ መርዕድ፣ አከብርዎታለሁ። ሕዝቡ ግን አሁን የሚመጣው ክር ሊፈልግ ነው። አንድ እሑድ ልስጥዎት። ከዚያ በኋላ መድረኩን ሌላ ሰው ይይዘዋል።”

መርዕድ ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም። በማግሥቱ ማለዳ የአዳራሹን መጋረጃና የተዋንያኑን ልብስ ወደሚሰፉት ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ሄደ።

“እትዬ ትርንጎ፣ የማይበጠስ፣ ለዓይንም የማይታይ ክር ይፈልጉልኝ።”

“እንዲህ ያለ ክር ቢኖር የእኔ ስፌት መቼ ይታይ ነበር?” አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። “እስቲ የምታንጠለጥለውን አምጣው።”

ወፏን በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኗት። “ወፍ አልከኝ እንጂ ይቺስ ለፋሲካ የደረሰች ዶሮ ናት።”

መርዕድ ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

“ይህ ወርቅ ለምንድን ነው?”

“ክሩን እንዳያዩት ዓይናቸውን ለመሳብ።”

“ምንቃሩስ?”

“እሱም እንደዚያው።”

“ታዲያ ክሩ ለምን ወፈረ?”

መርዕድ በሦስት የተገመደውን ክር በጣቱ ዳሰሰ። ክሩን ለመደበቅ ጌጥ ጨምሯል፤ ጌጡን ለመሸከም ክር አወፍሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአውድማ ላይ እንዳለ በሬ ሲዞር ከርሟል።

ወይዘሮ ትርንጎ ከሐር ጥቅል መካከል አንድ ስስ ወረቀት መዝዘው ሰጡት፤ ጨርቁ እንዳይጨማደድ በየእጥፉ የሚገባ፣ ትንፋሽ የሚያንቀጠቅጠው ወረቀት ነው። መርዕድ ያለ ወርቅ፣ ያለ ምንቃር ወፍ አጠፈበት። በነጠላ ክር አንጠለጠላትና ለኮሳት። እሳቱ ክሩን በላው። ሊቀልባት እጁን ዘረጋ። ወፏ ግን አልወደቀችም፤ ነድዳ ልታልቅ ስትል የገዛ እሳቷ ሙቀት ወደ ላይ ይዟት ወጣ።

“ማን ያዛት?” አለ በሹክሹክታ።

“ማንም። ከብዳ ነበር እንጂ መውጣትስ ታውቅበታለች።”

እስከ ቅዳሜ አርባ ወፍ አነደደ። እጥፉ ሲበዛ ትወድቃለች፤ እጥፉ ሲቀንስ ትወጣለች። እየቀነሰ ሄደ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። መርዕድ ክሩን በጣቱ ላይ ጠምጥሞ ወጣ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ያለ ክር መቆም አስፈርቶታል። ገና ሳይጀምር ነጋዴው “ዛሬስ ክሩን ከየት ሸሸጉት?” አለ። መርዕድ ከመድረኩ ወርዶ አጠገቡ ደረሰ፤ ክሩን ከጣቱ ፈትቶ በመዳፉ ላይ አኖረለት።

“ይኸውልህ ወንድሜ፤ እስክጨርስ ያዝልኝ።”

ተመልሶ ወፏን በመዳፉ ላይ አቆማት፤ ለኮሳት። ነበልባሉ ክንፎቿን አልፎ ወደ መዳፉ ሲቃረብ እጁን አላጠፈም። ያኔ ወፏ ተነሣች። እየነደደች ወጣች፤ ከጣሪያው ወራጅ ሥር ደርሳ አመድ ሆነች።

ነጋዴው ክሩን አየ፤ ጣሪያውን አየ፤ ደግሞ ክሩን አየ። ከዚያም ብድግ አለ፤ አደራ ይዟልና ክሩን በጥርሱ ነክሶ በሁለት እጁ አጨበጨበ። አዳራሹ ተከተለው። ከመጋረጃው ጀርባ “ለሚመጣው እሑድስ ስንት ወፍ አለዎት?” ብሎ የጠየቀው ኃላፊው ነበር።

ብዙዎቻችን ድካማችንን ለመሸፈን ጌጥ እንጨምራለን፤ ጌጡን የሚሸከም ክር እናወፍራለን፤ ክሩ ሲታይብን እንደገና ጌጥ ፍለጋ እንወጣለን። ሸክሙን ያራገፈ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም፤ ይጥለኛል ብሎ የፈራው እሳት ያነሣዋል። አንባቢ ሆይ፣ አንተስ ሌላ ክር ከመግመድህ በፊት ወፍህን በመዳፍህ ላይ አኑረህ መዝነሃት ታውቃለህ?